ክላስና ኦብጀክት፦ ከኦስሎ እስከ ማክሰኝት

ክላስ የአንድ ዓይነት ነገሮች የጋራ መግለጫ ነው፤ ምን ዓይነት መረጃ እንደሚይዙና ምን መሥራት እንደሚችሉ አንድ ጊዜ ይደነግጋል። ኦብጀክት ደግሞ ፕሮግራሙ በሥራ ላይ እያለ በዚያ ድንጋጌ መሠረት የሚፈጠር፣ በኮምፒውተሩ ሜሞሪ ውስጥ የራሱን ቦታና የራሱን መረጃ ይዞ የሚኖር አንድ ግለሰብ ነው። ከአንድ ክላስ ሺህ ኦብጀክት ሊወጣ ይችላል፤ አንድም ላይወጣ ይችላል። ዛሬ ከጎንደር ዙሪያ ወረዳ ዋና ከተማ ከማክሰኝት የሚላከው የጤና ሪፖርት የሚገባበት ሥርዓት የተሠራው በዚህ አስተሳሰብ ነው። አስተሳሰቡ የተጀመረው ኖርዌይ ውስጥ ሲሆን፣ ከዚያ ወደ ጎንደር ዙሪያ የደረሰበት መንገድ ከሚጠበቀው በላይ ቀጥተኛ ነው። (ከዚህ በታች ዓ.ም. ካልተባለ በቀር ዓመታቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በ1948 ክሪስተን ኒጎርድ የተባለ ወጣት የሒሳብ ሰው በኖርዌይ የመከላከያ ምርምር ተቋም ሥራ ጀመረ። አገሪቱ የመጀመሪያዋን የኑክሌር ማብላያ እየሠራች ነበር። ስሌቱ በቀመር አልፈታ ሲል ዕድልን እያሰቡ ደጋግሞ በመሞከር፣ ሞንቴ ካርሎ በሚባለው ዘዴ፣ ይሰላ ነበር። ኒጎርድ በቀጣዮቹ ዓመታት ፊቱን ወደ ሰዎች፣ ማሽኖችና ወረፋዎች አዞረ። አንድ ፋብሪካ ወይም የአውሮፕላን ጣቢያ ውስጥ ነገሮች የት እንደሚቆላለፉ ለማወቅ ሥርዓቱን በወረቀት መግለጽ ያስፈልጋል፤ መግለጫው ለሰው የሚገባ ሆኖ ኮምፒውተርም ሊያስኬደው የሚችል መሆን ነበረበት። እንዲህ ያለ ቋንቋ አልነበረውም። በ1960 ወደ ኦስሎው የኖርዌይ ኮምፒውተር ማዕከል ተዛወረ፤ ብዙም ሳይቆይ ቋንቋውን ራሱ ለመሥራት ተነሣ። ኒጎርድ ሐሳቡ ቢኖረውም ፕሮግራም የማውጣት ጥበቡ አልነበረውም። ያ ጥበብ የነበረው ከመከላከያ ተቋሙ ጀምሮ የሚያውቀው ኦለ-ዮሃን ዳል ነበር።

ሁለቱ የገጠማቸው እንቅፋት የሚከተለው ነው። በዚያን ጊዜ እንደ ፎርትራንና አልጎል 60 ባሉት ቋንቋዎች መረጃ በአንድ በኩል፣ በመረጃው ላይ የሚሠራው የትእዛዝ ቅደም ተከተል ደግሞ በሌላ በኩል ይቀመጣል። በአልጎል አንድ ፕሮሲጀር ሲጠራ የራሱ መረጃዎች ይፈጠራሉ፤ ሥራው ሲያልቅ አብረውት ይጠፋሉ፤ መጨረሻ የገባው መጀመሪያ ይወጣል። የወረፋ ዓለም ግን በዚህ ሥርዓት አይገዛም። አንድ መኪና መጥቶ ይቆማል፣ ሌላው ይቀድመዋል፣ ሦስተኛው ተበላሽቶ ይቀራል፤ እያንዳንዱ የራሱን ሁኔታ ይዞ ቆም ብሎ እንደገና ካቆመበት መቀጠል አለበት። ዳል የሜሞሪውን አደላደል ከሥሩ ቀይሮ፣ አንድ የፕሮግራም ክፍል ከፈጠረው ክፍል በኋላም በሕይወት እንዲቆይ አስቻለ። በዚህ መንገድ ሲሙላ የተባለው ቋንቋ የመጀመሪያ እትም በ1964 መጨረሻና በ1965 መባቻ በዩኒቫክ ኮምፒውተር ላይ ሥራ ጀመረ።

የመጀመሪያው ሲሙላ ገና ክላስ አልነበረውም። ክፍተቱን ለመሙላት የረዳው እንግሊዛዊው ቶኒ ሆር ነው፤ በ1966 ተመሳሳይ መዝገቦችን በአንድ ዓይነት ሥር ስለመመደብና ከዚያም ሥር ንዑስ ዓይነት ስለማውጣት የጻፈውን የኦስሎዎቹ ሰዎች አጥብቀው አነበቡት። ይሁን እንጂ የሆር መዝገብ መረጃ እንጂ ሥራ የለውም። ዓመቱ ሊያልቅ ሲል፣ በዲሴምበር 1966፣ ዳልና ኒጎርድ ቀረጥ የሚከፈልበት ድልድይን እንደ ምሳሌ ይዘው ይጨነቁ ነበር። ድልድዩ ላይ የጭነት መኪኖችና አውቶቡሶች ይሰለፋሉ። ሁለቱ የተለያዩ ናቸው፤ ለመሰለፍ የሚያስፈልጋቸው ነገር ግን፣ ማለትም ከፊትና ከኋላ ማን እንዳለ ማወቅ፣ አንድ ነው። ያንን የጋራ ክፍል ለብቻው ጽፎ በሌሎቹ መግለጫዎች ፊት መቀጠል እንደሚቻል ያን ጊዜ ታያቸው። በሜይ 1967 በኦስሎ አጠገብ ሊሴቡ በተካሄደ ጉባኤ ክላስንና ንዑስ ክላስን ለዓለም አቀረቡ፤ ቋንቋውም ሲሙላ 67 ተባለ።

አሠራሩን ከጎንደር በማክሰኝት በኩል ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው አስፋልት ላይ ማየት ይቻላል። መንገዱ ላይ አንድ ኬላ አለ እንበል። በመጀመሪያ “ተሽከርካሪ” የሚባል ክላስ ይጻፋል። ሰሌዳ፣ ኬላው የደረሰበት ሰዓትና ከኋላው የቆመውን የሚያመለክት ቦታ ይኖረዋል፤ “ተሰለፍ” እና “ተፈተሽ” የሚሉ ተግባራትም ይሰጡታል። እነዚህ ተግባራት በዛሬ አጠራር ሜተድ ይባላሉ። ከዚያ “አይሱዙ” እና “ሚኒባስ” በተሽከርካሪ ላይ ተመሥርተው ይጻፋሉ፤ ሰሌዳውና ሰልፉ ዳግም አይደገምላቸውም፤ አይሱዙው የጫነውን ኩንታል፣ ሚኒባሱ የተሳፋሪውን ቁጥር ይጨምራል። ይህ ውርስ ነው። “ተፈተሽ” ግን ለሁለቱ አንድ ሊሆን አይችልም፤ የአንዱ ሸራ ይገለጣል፣ የሌላው ተሳፋሪ ይወርዳል። ስለዚህ እያንዳንዱ የራሱን አፈጻጸም ይጽፋል፤ ኬላው ግን የመጣው የትኛው እንደሆነ ሳይጠይቅ “ተፈተሽ” ብሎ ያዛል። ትእዛዙን እንደ ዓይነቱ የሚፈጽመው ኦብጀክቱ ራሱ ነው። ሲሙላ 67 ይህን ቨርቹዋል አለው፤ ፖሊሞርፊዝም የሚለው የዛሬው የመማሪያ መጻሕፍት ምዕራፍም የሚያስተምረው ይህንኑ ነው።

እስካሁን አንድም መኪና መንገዱ ላይ የለም። ክላስ ተጽፎ ማለቁ ብቻውን ምንም አያንቀሳቅስም። “ኒው” የሚለው ትእዛዝ ሲሰጥ ሜሞሪ ተቆርሶ አንድ አይሱዙ ይፈጠራል፤ ሲደገም ሌላ ይፈጠራል። ሁለቱ አይሱዙዎች ኩንታላቸውም ሰዓታቸውም አንድ ቢሆን እንኳ ሁለት ናቸው፤ የአንዱን ጭነት መቀነስ ሌላውን አይነካም። በአንጻሩ አንድ አይሱዙ በሁለት ስም ሊጠራ ይችላል። “የሰልፉ መጀመሪያ” እና “ከባዱ መኪና” የተባሉት ሁለት ስሞች ወደ አንድ ኦብጀክት ቢያመለክቱ፣ በአንዱ ስም የተደረገው ለውጥ በሌላውም ይታያል። ጀማሪ ተማሪን ከክላስ ትርጓሜ ይበልጥ የሚያደናግረው ይህ የማመልከት ነገር ነው፤ ብዙ መጻሕፍት በሁለት መስመር ማለፋቸው አይገባም ነበር። ማንም የማያመለክተውን ኦብጀክት ደግሞ ሲሙላ 67 ራሱ ከሜሞሪ ይጠርገው ነበር።

በዚያው ሰሞን አሜሪካ ውስጥ ሌላ ጅረት ይፈስ ነበር። አይቫን ሰዘርላንድ በ1963 በኤምአይቲ ያቀረበው ስኬችፓድ የተባለ የሥዕል ፕሮግራም አንድ ዋና ሥዕል ተሥሎ ከእሱ ብዙ ቅጂዎች እንዲወጡ ያደርግ ነበር፤ ዋናው ሲታረም ቅጂዎቹ ሁሉ ይታረማሉ። በዩታ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የነበረው አለን ኬይ በ1966 ስኬችፓድን ካየ በኋላ ለዩኒቫክ የተሠራ አልጎል ነው የተባለ ቴፕ እጁ ገባ። ሲፈታው ሲሙላ ሆኖ ተገኘ። ኬይ ከሁለቱ የቀሰመው የኖርዌዮቹን ትምህርት ብቻ አልነበረም፤ ፕሮግራም ሁሉ እርስ በርስ መልእክት የሚላላኩ ትንንሽ ኮምፒውተሮች ስብስብ ተደርጎ ሊታሰብ ይችላል የሚል ድምዳሜ ላይ ደረሰ። በዜሮክስ ኩባንያ የፓሎ አልቶ ምርምር ማዕከል ከዳን ኢንጎልስና ከአዴል ጎልድበርግ ጋር የሠሩት ስሞልቶክ በ1972 ሥራ ጀመረ፤ እያደገ ሄዶም ስሞልቶክ-80 በሚል እትም ከማዕከሉ ውጭ ወጣ። “ኦብጀክት ኦሪየንትድ” የሚለውን አጠራር ያመጣው ኬይ ነው። በስሞልቶክ ቁጥር ሳይቀር ኦብጀክት ነው፤ ክላስ ራሱም ኦብጀክት ነው። ከሲሙላ ይልቅ የጠራ ሐሳብ ነው ማለት ይቻላል፤ ለጊዜው ማሽኖች ግን ይከብድ ነበር።

ሐሳቡን ወደ ፋብሪካና ቢሮ ያወረደው ዴንማርካዊው ቢያርነ ስትሮስትሩፕ ነው። በካምብሪጅ ለዶክትሬት ጥናቱ ሲሙላ ተጠቅሞ ነበር። የፕሮግራሙ አደረጃጀት ቢማርከውም ፍጥነቱ አስመረረው፤ ሥራውን ለመጨረስ ዝቅተኛ ደረጃ ባለው ቢሲፒኤል በተባለ ቋንቋ እንደገና መጻፍ ግድ ሆነበት። በ1979 ቤል ላብስ ሲገባ የሲሙላን ክላስ በፈጣኑ ሲ ቋንቋ ላይ ጫነው። ውጤቱ በ1983 ሲ ፕላስ ፕላስ ተባለ፤ በ1985 ለገበያ ቀረበ። በዚህ ቋንቋ አንድ ክላስ የትኛውን ክፍሉን ለውጭ እንደሚያሳይና የትኛውን እንደሚደብቅ ገና ከጅምሩ ይናገራል። ከላይ በተነሣው ምሳሌ ኬላው የአይሱዙውን ኩንታል በቀጥታ መለወጥ አይችልም፤ “አራግፍ” ብሎ መጠየቅ ብቻ ነው የሚችለው፤ ከዜሮ በታች መውረድ እንደማይቻል የሚቆጣጠረውም አይሱዙው ነው። ኮዱ በብዙ ሰው እጅ በሚያልፍ ትልቅ ሥራ ውስጥ ከውርስ ይልቅ የጠቀመው ይህ መደበቅ ሳይሆን አይቀርም።

የ1990ዎቹ ዓመታት የውርስ ፍቅር የናረባቸው ነበሩ። ሁሉም ነገር የክላስ ዛፍ ሆኖ ይሣል ጀመር። ዛፉ ሲጠልቅ ግን ሥሩ ላይ የተደረገች ትንሽ ለውጥ ቅርንጫፉን ሁሉ ታናውጣለች። በ1994 በአራት ደራስያን የታተመው የዲዛይን ፓተርንስ መጽሐፍ ከመውረስ ይልቅ ኦብጀክቶችን እርስ በርስ ማገናኘት እንዲመረጥ በግልጽ መከረ። በቀጣዩ ዓመት ሳን ማይክሮሲስተምስ የጄምስ ጎስሊንግን ጃቫ ይፋ አደረገ። ጃቫ ለረጅም ጊዜ ሜተድን ከክላስ ውጭ አያጽፍም ነበር፤ በኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲዎች የኦብጀክት ኦሪየንትድ ኮርስ ሲባል ተማሪ የሚያስበውም አብዛኛውን ጊዜ ጃቫን ነው።

ወደ ማክሰኝት የሚያደርሰው መንገድ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው፤ መነሻውም እንደገና ኒጎርድ ነው። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ኒጎርድ ከኖርዌይ የብረታ ብረት ሠራተኞች ማኅበር ጋር ሆኖ ኮምፒውተር ወደ ሥራ ቦታ ሲገባ ሠራተኛው በአሠራሩ ላይ ድምፅ እንዲኖረው የሚያስችል ጥናት አካሄደ። ከዚያ የተወለደው ተጠቃሚውን ያሳተፈ የሥርዓት ንድፍ በኦስሎ ዩኒቨርሲቲ ሥር ሰደደ። ዮርን ብሮና ባልደረቦቹ በ1990ዎቹ አጋማሽ ይህንኑ ይዘው ከአፓርታይድ በተላቀቀችው ደቡብ አፍሪካ የጤና መረጃ ሥርዓት መሥራት ጀመሩ፤ ፕሮጀክቱ ሂስፕ ተባለ። የመጀመሪያው ሶፍትዌራቸው ማይክሮሶፍት አክሰስ ላይ የተሠራ ነበር። ሁለተኛው፣ ዲኤችአይኤስ 2፣ በጃቫ እንደ አዲስ ተጽፎ በ2006 በሕንድ ኬረላ ሥራ ጀመረ። ክላስ የተወለደባት ከተማ ሠራችው ማለት ነው። ዳልና ኒጎርድ ይህን አላዩም፤ የ2001 የቱሪንግ ሽልማት ከተሰጣቸው በኋላ ሁለቱም በ2002 በሳምንታት ልዩነት ዐረፉ።

በሶፍትዌሩ ውስጥ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ በቅርበት ሊታይ የሚገባው የቀን አቆጣጠሩ ነው። ዲኤችአይኤስ 2 የግሪጎርያንን፣ የኢትዮጵያን፣ የቅብጥን፣ የኔፓልን፣ የፋርስንና የሌሎችንም አቆጣጠር ያውቃል። ለእያንዳንዱ አንድ ክላስ አለው። የተቀረው ፕሮግራም ግን ከየትኛው ጋር እንደሚነጋገር አያውቅም፤ “ይህ ወር ስንት ቀን አለው?” ብሎ ይጠይቃል፣ መልሱን የሚሰጠው በጊዜው የተመረጠው አቆጣጠር ነው። የኢትዮጵያው ክላስ ስሌቱን ጆዳ ታይም ከሚባል የጃቫ ላይብረሪ ስለሚዋስ ራሱ በጣም አጭር ነው። የኔፓሉ እንዲህ አይቀልለትም፤ የወሮቹ ርዝመት ከዓመት ዓመት ስለሚለያይ የየዓመቱን የወራት ቀን በሠንጠረዥ ዘርዝሮ መያዝ አለበት። ሁለቱ የአንድ ጥያቄ መልስ ይሰጣሉ፤ አንዱ በስሌት፣ ሌላው በመዝገብ፤ ጠያቂው ልዩነቱን አያይም።

አይሲዩ የተባለው ሌላ የታወቀ ላይብረሪ ደግሞ የውርስን በጎ ጎን ያሳያል። የኢትዮጵያና የቅብጥ አቆጣጠር አሥራ ሁለት የ30 ቀን ወሮችና አምስት ወይም ስድስት ቀን ያላት ጳጉሜን አሏቸው፤ ዘመን የሚለውጡትም በአንድ ቀን ነው። የሚለዩት መቁጠር በጀመሩበት ዓመት ነው፦ የቅብጥ የሰማዕታት ዘመን ከ284፣ የእኛው ዓመተ ምሕረት ከ8። ልዩነቱ 276 ዓመት ነው። ስለዚህ ላይብረሪው የወሩንና የጳጉሜኑን ስሌት አንድ የጋራ ክላስ ውስጥ አኑሮ ሁለቱን ከእሱ አስወርሷል፤ እያንዳንዱ ልጅ የሚጨምረው በዋናነት የራሱን መነሻ ዘመን ነው። የኢትዮጵያው ላይ ከዓመተ ምሕረት ሌላ ዓመተ ዓለምም ተካትቷል። እንዲህ ያለ ውርስ የሚጸናው ዝምድናው ከፕሮግራመሩ ሐሳብ ሳይሆን ከታሪክ ስለመጣ ነው፤ ነገ የሚቀየርም አይደለም።

ሲሙላ የታሰበለት ሥርዓትን በኮምፒውተር የማስመሰል ሥራም በሌላ በኩል ወደ ጎንደር ዙሪያ መጥቷል። ከማክሰኝት አጠገብ 54 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆነው የጉማራ-ማክሰኝት ተፋሰስ ከ1,900 ሜትር አካባቢ ተነሥቶ እስከ 2,850 ሜትር ገደማ ይወጣል፤ ውኃው ጣና ይገባል። በ2010ሮቹ የጎንደር ግብርና ምርምር ማዕከል ከዓለም አቀፉ የግብርና ምርምር ማዕከል ከኢካርዳና ከቪየናው የተፈጥሮ ሀብት ዩኒቨርሲቲ ጋር ሁለት ጎረቤታም ንዑስ ተፋሰሶችን ለንጽጽር መረጠ፤ በአንዱ የድንጋይ እርከን ተሠራ፣ ሌላው እንዳለ ተተወ፤ የጎርፉና የደለሉ መጠን ከሁለቱም ተለካ። መረጃው ስዋት ወደተባለ ሞዴል ገባ። ስዋት በ1990ዎቹ መጀመሪያ በአሜሪካ ግብርና መሥሪያ ቤት በፎርትራን የተጻፈ ነው። በዚህ አሮጌ አሠራር አንድ ዓይነት አፈር፣ ተዳፋትና የመሬት አጠቃቀም ያላቸው ቁርጥራጭ ማሳዎች በየንዑስ ተፋሰሱ ተጠቃለው እንደ አንድ ይሰላሉ፤ የላይኛው ማሳ ጎርፍ ወደ ታችኛው ማሳ ሲወርድ አይታይም። ለደጋ ገበሬ ትልቁ ጉዳይ ደግሞ ያ ነው።

በ2017 በታተመ ጽሑፍ የተዋወቀው ስዋት ፕላስ ሞዴሉን እንደ አዲስ አደራጀው። ማሳው፣ የውኃ መሄጃው፣ የከርሰ ምድር ውኃውና ግድቡ እያንዳንዳቸው ራሳቸውን የቻሉ ኦብጀክቶች ሆኑ። ለእያንዳንዱ ማሳ ስፋቱና ከፍታው ከተጻፈ በኋላ ውኃው ወደየትኛው ዓይነት ኦብጀክት፣ ወደየትኛው ቁጥር፣ ስንት እጁ እንደሚሄድ ይጻፋል። ከአሥር ሰባት እጁ ወደ ታችኛው ማሳ፣ ሦስት እጁ ወደ ቦዩ ማለት ይቻላል። እርከን የተሠራበትን ማሳ ከሥሩ ካለው ማሳ ጋር ማገናኘት እንግዲህ የአንድ መስመር ሥራ ሆነ። ቋንቋው ዛሬም ፎርትራን ነው፤ የተለወጠው አስተሳሰቡ ነው።

ወደ ጤናው ሥርዓት ስንመለስ፣ ኢትዮጵያ ዲኤችአይኤስ 2ን የአገር አቀፍ የጤና መረጃ ሥርዓቷ ያደረገችው በ2010 ዓ.ም. ገደማ ነው። ጀማሪ ፕሮግራመር ቢጠየቅ ምናልባት “ክልል”፣ “ዞን”፣ “ወረዳ”፣ “ጤና ጣቢያ” እና “ጤና ኬላ” የሚሉ አምስት ክላሶችን ያወጣ ነበር። የኦስሎው ኮድ እንዲህ አላደረገም። ለሁሉም አንድ ክላስ ብቻ አለው፤ ስም፣ መለያ፣ የተከፈተበት ቀን፣ የበላዩን የሚያመለክት አንድ ቦታና የበታቾቹ ዝርዝር ይይዛል። ጤና ሚኒስቴርም የዚህ ክላስ ኦብጀክት ነው፤ የአንድ ቀበሌ ጤና ኬላም እንዲሁ። ደረጃቸውን የሚለየው ከላይ ስንተኛ መሆናቸው ነው። በዚህ ምክንያት አስተዳደራዊ እርከናቸው ፈጽሞ የማይመሳሰል አገሮች አንዱን ሶፍትዌር ኮዱ ሳይነካ ይጠቀሙበታል። ክላሶቹ ኦስሎ ተጻፉ፤ ኦብጀክቶቹን አዲስ አበባ ላይ ያሉ ባለሙያዎች በስክሪን ላይ ሞልተው ፈጠሯቸው። ከማክሰኝት የሚገባ አንድ ቁጥር፣ ለምሳሌ በወሩ የመጀመሪያ የእርግዝና ክትትል ያደረጉ እናቶች ብዛት፣ ሦስት ነገሮችን ያመለክታል፦ ምን እንደተቆጠረ፣ በየትኛው ወር እንደተቆጠረና የት እንደተቆጠረ። ከሦስቱ ተነጥሎ የሚኖር ቁጥር በሥርዓቱ ውስጥ የለም።

የዚህ አሠራር ጥቅምና ጉድለት በአንድ ላይ የሚታየው መዋቅር ሲቀየር ነው። ማክሰኝት ዋና ከተማው የሆነችለት ጎንደር ዙሪያ ወረዳ ለረጅም ጊዜ በሰሜን ጎንደር ዞን ሥር ነበረ። በ2009 እና 2010 ዓ.ም. አካባቢ ዞኑ ሰሜን፣ ማዕከላዊና ምዕራብ ጎንደር ተብሎ ለሦስት ሲከፈል ወረዳው ማዕከላዊ ጎንደር ውስጥ ገባ። እንዲህ ያለውን ለውጥ ለመመዝገብ የወረዳው ኦብጀክት የበላዩን የሚያመለክትበት ቦታ ብቻ ይቀየራል፤ በሥሩ ያሉት ጤና ጣቢያዎችና ጤና ኬላዎች አብረውት ይዛወራሉ፤ የአንዳቸውም መለያ ወይም የቀድሞ ቁጥር አይነካም። ነገር ግን ክላሱ ለበላይ ያለው ቦታ አንድ ብቻ ነው፤ የድሮውን አያስታውስም። ስለዚህ የ2005 ዓ.ም. ቁጥሮች ተጭነው የዞን ድምር ሲጠየቅ፣ የማክሰኝት ሪፖርት በዚያን ጊዜ ስሙ እንኳ ባልነበረው በማዕከላዊ ጎንደር ሥር ተደምሮ ይወጣል።